የሚሰበረው አጥንት

ወንድሜ በተቀበረ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል ነው። አራት ስህተት አለበት። አንደኛው ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው፤ በአንድ ዓመት ተሳስቷል፤ እሱን ልለፈው። ሁለተኛው፣ «የታወቀ የካራቴ ሰው» ይላል። ወንድሜ አንድም ቀን ካራቴ ሠርቶ አያውቅም። የጁዶ ሰው ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፤ የሁለቱን ልዩነት ሲያስረዳም ጉሮሮው የደረቀ ሰው ነው። ሦስተኛው፣ «የድብድብ ፊልም አፍቃሪ» ይላል። ፊልም ሲያይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይህን ቃል አይጽፍም። አራተኛው ግን እዚያው መቃብሩ ዳር ቆሜ ከንፈሬን ያስነከሰኝ ነው፦ «በሕይወቱ ወድቆ የማያውቅ ጽኑ ሰው።»

ወድቆ የማያውቅ! የሰውየው ኑሮ እኮ መውደቅ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ በትንሹ አርባ አርባ ጊዜ ይወድቅ ነበር፤ በጎኑ፣ በጀርባው፣ በፊቱ፣ ተንከባሎ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በዕድሜያቸው የወደቁት ቢደመር የሱን የአንድ ወር አያህልም። ጽሑፉን ያዘጋጀው ባልደረባው በቅን ልብ ነው የጻፈው፤ አልተቀየምኩትም። ግን የተሳሳተ ነገር ተነቦ፣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ፣ በዚያው ሲቀር ያንገበግበኛል። ስለዚህ እንደነበረ ልጻፈው።

ወንድሜ በሆስፒታል ጄሶ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የተሰበረ እጅና እግር ራጅ ተነስቶ፣ ሐኪም አይቶት፣ በመጨረሻ የሚመጣው ወደሱ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ጠርዙ ላይ ጄሶ ተጋግሮ አልለቅ ያለው ማጠቢያ፣ ለብ ያለ ውሃ የሚቀዳበት ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጄሶ መጋዝ። መጋዙ ሲጮህ ሕመምተኛው ሁሉ ይደነግጣል። ወንድሜ ታዲያ መጀመሪያ የገዛ መዳፉ ላይ ያስኬደዋል፦ «አየህ? ይንቀጠቀጣል እንጂ ሥጋ አይቆርጥም። ፊልም ላይ ቢሆን ግን እጄ እስካሁን መሬት ላይ ነበር።»

እንዲህ ነው። ፊልም የማይገባበት ወሬ አልነበረውም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም ሁሉም «ማስተር» ነው የሚለው። የኔ ካርድ ክፍል ከሱ ክፍል ኮሪደሩን ተሻግሮ ስለሆነ፣ ሥራ ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በመስኮቴ ብቅ እያለ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበልኝ። ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ታካሚ ነው። ወጣት ወንድ፤ ቀኝ እጁ እንደ ዳቦ ያበጠ፤ የተሰበረችው ከትንሽ ጣቱ ሥር ያለችው አጥንት።

«ምን መትተህ ነው?» ይለዋል ወንድሜ።

«ግድግዳ።»

«ግድግዳው ምን ብሎህ?»

«ተናድጄ ነው፣ ማስተር።»

«የተናደደ ሰው ሽንኩርት ይከትፋል። በዚህ ሳምንት ስንት የድብድብ ፊልም አየህ?»

ልጁ ዓይኑን ጄሶው ላይ ይተክላል። ከዚያ ወንድሜ ካርዱን ይዞ ወደኔ ይመጣል።

«እታለም፣ የጉዳቱ መንስኤ የሚለው ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ግድግዳ በቡጢ መምታት።»

«እሱማ አደጋው ነው። መንስኤው ፊልም ነው። ፊልም ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ጋሼ፣ ፊልም የሚባል መንስኤ ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«አስገቢያ! ዝርዝሩን ማን ጻፈው? ሰው አይደለም?»

«ውሻ ነከሰኝ ያለውን ውሻ እላለሁ። ፊልም ነከሰኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም።»

«ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ እየተነጫነጨ ይመለሳል።

ቤታችን ሦስት ሰው ነበር። ሚስቱ ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት ስለሞተች፣ ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ልጅቷን ማንም በስሟ አይጠራትም። ከሶፋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠረጴዛ አባቷ ትከሻ ላይ እየዘለለች ስላደገች «ቁንጫ» ነው የምትባለው፤ ዛሬም ድረስ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፊልም ነው። ወንድሜ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሪሞቱን በግራ፣ እስክሪብቶውን በቀኝ ይዞ ይቀመጣል። የደብተሩ ገጽ በማስመሪያ ለአራት ተከፍሏል፤ ፊልም፣ ደቂቃ፣ ውሸት፣ የሚሰበረው አጥንት። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም በሦስት ሰዓት ነው የምንጨርሰው። ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ይጽፋል፣ ይበሳጫል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! አሥራ ሁለት ሰው ከቦታል አይደል? ለምንድነው አንድ አንድ እያሉ የሚመጡት? ቁጥር ወስደዋል እንዴ? እታለም፣ ያንቺ መስኮት ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ወረፋ አይቼ አላውቅም!»

«አባ፣ አስኪደው በናትህ» ትላለች ቁንጫ።

«ይኼኛውን እዪልኝ፣ ከኋላ ቆሞ የሚወዛወዘውን። ጓደኛው ጥርሱ እየረገፈ እሱ ያሟሙቃል! ... ይኼ ደግሞ የቡጢ ድምፅ ነው? ሰው ምንጣፍ እያራገፈ ነው እንጂ። እውነተኛው ድምፅ ትንሽ ነው። ትንሽና አስቀያሚ።»

ይጽፋል። ሪሞቱን ይጫናል። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«አንገቱን ነካ ሲያደርገው ተኛ። በቃ? ሆስፒታሉ ታዲያ የማደንዘዣ ሐኪም ምን ይሠራለታል፣ ይኼንን ሰውዬ አይቀጥርም? ... ኧረ ዘፈን ተጀመረ! አሁን ይሮጣል፣ ደረጃ ይወጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ዘፈኑ አለቀ፤ ጥቁር ቀበቶ! እኔ ዘጠኝ ዓመት የፈጀብኝ ዘፋኝ አጥቼ ነው ለካ!»

አንድ ቀን አንዱ ጀግና የወለቀ ትከሻውን ከግድግዳ ጋር አላግቶ ሲመልስ አይቶ፣ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «ሰኞ ይህን ያየ ሁለት ሰው ይመጣብኛል። አንደኛው በትከሻው፣ ሁለተኛው በትከሻውና በጭንቅላቱ» አለ። በእርግጥ በሚቀጥለው ሰኞ ማንም አልመጣም፤ ካርዶቹን አይቻለሁ። ማክሰኞ ግን አንድ መጣ፤ ወንድሜም ያንን ማክሰኞ እስኪሞት ድረስ አልረሳልኝም።

ከፊልም ሲወጣም ለማንም አይመለስም። ካራቴን «ከአየር ጋር መጣላት» ይለዋል። ቴኳንዶ የሚሠሩትን «እጅ የተሰጣቸው ሚዛን እንዲጠብቁበት ብቻ ነው» ይላል። ጡብ በእጃቸው የሚሰብሩትን ሲያይ «ግንበኛው ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን» ብሎ ያዝናል። ቦክሰኛ ያከብራል፤ «ቦክሰኛ እጁ ብርጭቆ መሆኑን ያውቃል፤ አስሮ፣ ጠቅልሎ፣ ጓንት አልብሶ ነው የሚያወጣው።» ቢላ የያዘ ሌባ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ሩጥ። እኔም ጉልበቴን ባያመኝ ኖሮ ሯጭ ነበርኩ።» እውነተኛ ጠብ፣ ይላል፣ አራት ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው፣ አንደኛው ጫማውን ይፈልጋል፣ ሌላኛው መነጽሩን።

የሚያስተምርበት አዳራሽ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለ፣ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ይጠራቀምበት የነበረ መጋዘን ነው። አረንጓዴ ምንጣፎቹ የተያያዙት በፕላስተር ነው፤ የጎማና የላብ ሽታ አለው። አዲስ የገባ ሰው ሦስት ወር ማንንም አይነካም። ይወድቃል፣ በቃ። ሰውነቱ መሬት ሲደርስ ክንዱን ዘርግቶ ምንጣፉን በጥፊ መምታት አለበት፤ ድንጋጤው በጀርባው ሳይሆን በክንዱ እንዲወጣ። ወንድሜ «የምንጣፍ ጥፊ» ይለዋል። በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ጧ፣ ጧ፣ ጧ ብቻ ነው። ሰው መጣል ሊማር መጥቶ ሦስት ወር ሲወድቅ የሚከርም ተማሪ ከአሥሩ ሁለት ነው። «የቀሩት ሁለቱ ይበቁኛል» ይላል።

ከሁለቱ አንዷ ሁልጊዜ ቁንጫ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ እንደ ሌላው ሁሉ «ማስተር» እና «እርስዎ» ነው የምትለው፤ የራሱ ሕግ ነው። በሩ ሲቆለፍ «አባ» እና «አንተ» ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ «እርስዎ» ካለችው ተቆጥታለች ማለት ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ ጥቁር ቀበቶ አሠረች፤ የአዳራሹን አንድ ቁልፍ ሰጣት፤ ጀማሪዎቹን እሷ ትጥላቸው፣ ታነሳቸውም ጀመር። ወንድሜ ሲደሰት አያስታውቅም፤ ግን ያን ሰሞን ሁለት ቅዳሜ ሳይጽፍ ፊልም አየ።

በዓመቱ አንድ ረቡዕ ምሳ ላይ፣ «ሥራ አገኘሁ» አለች።

«የት?» አለ።

«ፊልም ላይ። በተዋናይዋ ፈንታ መውደቅ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን ላይ ነው የምትወድቂው?»

«ደረጃ ላይ፣ መንገድ ላይ። እንደ ታሪኩ።»

«እኔ መውደቅ ያስተማርኩሽ እንዳትሰበሪ ነው። ለውሸታሞች እንድትወድቂላቸው አይደለም።»

«አባ፣ የምትዋሸው እሷ ናት። እኔ እውነቴን ነው የምወድቀው።»

«ከአዳራሹና ከፊልሙ አንዱን ምረጪ።»

ቁልፉን ከሌሎቹ ቁልፎቿ ለይታ አወጣችና ጨው ማስቀመጫው አጠገብ አስቀመጠችው። «እንደ ፈቃድዎ፣ ማስተር» አለች።

ሰባት ወር አልተነጋገሩም። ቤት ሳይቀይሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ። ይህን ያላየ ሰው አይፈርድም።

«አክስቴ፣ ውሃውን እንዲያቀብለኝ ንገሪልኝ።»

«እታለም፣ ውሃው አጠገቧ መሆኑን ንገሪልኝ።»

ካርድ ክፍል የምሠራው ቀን ቀን እንጂ ማታ ቤቴም መልእክት አመላላሽ መሆኔን ውሉ ላይ አላየሁትም አልኳቸው። ሁለቱም አልሳቁም። ለብቻዋ ሳገኛት ምን ብትፈልጊ ነው አልኳት። ረጅም አልሄደችም፦ «አንድ ቀን መጥቶ ይየኝ። አይቶ፣ ሥራ ነው ይበል። ይኼንን ብቻ።» ለሱ ነገርኩት። «ደረጃ ላይ መንከባለል ሥራ ከሆነ ጎማም ሠራተኛ ነው» አለ። ለሷ ይህን አልነገርኳትም።

ከዚያ ፊልሙ ራሱ መጣለት። የሆስፒታሉ አሮጌ ክንፍ ባዶ ነበር፤ አስተዳደሩ ለአንድ እሑድ ለፊልም ሠሪዎቹ ፈቀደ። ደረጃው ከጄሶ ክፍል ሃምሳ እርምጃ ይርቃል። ወንድሜ እሑድ ሥራ አይገባም፤ የዚያን ቀን ግን «ክፍሌን ቆልፌ እንደሆነ ልይ» ብሎ ኮቱን አነሳ። ክፍሉን አርብ ሲቆልፍ አብሬው ነበርኩ። ተከተልኩት።

አሥራ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ጠርዙ የተሸራረፈ። ከላይ ቁንጫ የተዋናይዋን ቀይ ኮት ለብሳ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ ቆማለች። ከታች አንድ ራሰ በራ፣ ቀጭን፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሰው አለ፤ የድብድቡ አስተባባሪ እሱ ነው። ቀድሞ ቤት ቀቢ ነበር አሉ፤ ከመሰላል ሲወድቅ ሲነሳ ነው ይህን ሥራ ያገኘው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ቁንጫ ወደቀች።

ያየሁትን ለመጻፍ ቃሉ የለኝም፤ የምችለው ድምፁን መጻፍ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም። ከገመድ ላይ የወረደ ልብስ ይመስል አሥራ አንዱንም ደረጃ ወረደችው፤ እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ትከሻዋን፣ ጎኗን፣ ዳሌዋን ተራ በተራ እያቀበለች።

«እጅሽ!» አለ ወንድሜ። ኮሪደሩ አስተጋባ። «እጅሽ የት አለ? ለምን አትመቺም?»

«አቁም!» አለ ዳይሬክተሩ። «ማነው ይኼ ሰውዬ?»

ቁንጫ ከወደቀችበት ሳትነሳ፣ «አስተማሪዬ ነው» አለች። አባቴ አላለችም።

አስተባባሪው እያነከሰ መጣ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አለው። «ማስተር፣ ስለርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ። ምንጣፍ ላይ ልክ ነዎት። ምንጣፍ ድንጋጤውን ይውጣል። ሲሚንቶ ግን አይውጥም። የሚውጠው እጅዎ ነው።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው የወደቅኩት።»

«ምንጣፍ ላይ።»

«መሬት መሬት ነው!» አለ ወንድሜ። ኮቱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ሰጠኝ። መነጽሩንም ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ተው» አልኩት። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወጣ፤ ጀርባውን ወደኛ አዞረ፤ ሁልጊዜ ለጀማሪዎች እንደሚያሳየው አገጩን ወደ ደረቱ ሳበ፤ ወደቀ። ክንዱን ዘረጋ፤ ሲሚንቶውን በጥፊ መታ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። እርሳስ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

ወዲያው ተነሳ። «አያችሁ? ምንም!» አለ። ቀኝ እጁ ከወገቡ ኋላ ነው። ፊቱ የሚሠራበትን ጄሶ መስሏል።

ቁንጫ ቀዩን ኮት እየጎተተች መጣች። «እጅዎን ያሳዩኝ፣ ማስተር።»

«ምንም አልሆነም አልኩ።»

«እጅህን አሳየኝ፣ አባ!»

በሰባት ወር ውስጥ በቀጥታ ለሱ የተናገረችው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከፊቱ ያለው ነው።

እሑድ ተረኛዋ ሲስተር ከወንድሜ ጋር አሥራ አራት ዓመት የሠራች፣ በየቀኑ «ውሃው ሞቀ፣ ውሃው ቀዘቀዘ» ሲላት የኖረች ሴት ናት። ራጁን መስኮቱ ላይ አድርጋ አየችውና ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ከአንጓው በላይ፣ ማስተር። ቁጭ በል እስቲ። ዛሬ የኔ ተራ ነው።»

«ጥጡን አታወፍሪው። አውራ ጣቴን ነፃ ተዪው። ውሃው ሞቋል።»

«ማስተር፣ ዝም በል።»

ክንዱን በትክክል ቀና አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ቁንጫ ያዘችለት። አንድ እጇ ክርኑ ሥር፣ አንዱ ጣቶቹ ላይ። ሲስተር እርጥቡን ጄሶ ስትጠቀልል ወንድሜ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ጫማው ነው፤ ሶሉ ያንሸራትታል። ከዚያ አቧራው ነው። ከዚያ ደረጃውን የሠራው ሰው ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ከሁለተኛው ይጠባል። ከዚያ መነጽሩን ያለ ጊዜው የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

እኔ ካርዱን ከፍቼ ቆሜ ነበር። የጉዳቱ መንስኤ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ዓይኑ በራ።

«ፊልም!» አለ። «ፊልም ብለሽ ጻፊ! ሃያ ዓመት ለመንኩሽ፤ ዛሬ ግን ምን ትያለሽ? ካሜራ ነበረ፣ ዳይሬክተር ነበረ!»

«መውደቅ፣ ከደረጃ» አልኩና ጻፍኩ።

«እታለም!»

«ካሜራው መቅረጽ አቁሞ ነበር፣ ጋሼ።»

ሲስተር ሳቀች። ቁንጫ አልሳቀችም። ክንዱን እንደያዘች፣ ቀስ ብላ፣ «እንዴት ነበር?» አለችው።

«ምኑ?»

«የኔ አወዳደቅ። አይተኸዋል አይደል? እንዴት ነበር?»

ወንድሜ ጄሶውን አየ። ማጠቢያውን አየ። «ጄሶ ሳይደርቅ አታናግሪኝ፤ ይጣመማል» አለ።

አሥር ደቂቃ ያዘችው። ከዚያ በግራ እጁ አንኳኳውና፣ «ደርቋል። ሂጂ፣ ሰዎቹ እየጠበቁሽ ነው» አላት። ሄደች። ያን ደረጃ ሁለት ጊዜ ደግማ ወደቀችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወንድሜ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚያየውን ግን ፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨው ማስቀመጫው አጠገብ ነበር። «እጄ እስኪድን ብቻ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ስድስት ሳምንት ሆነ፤ ጄሶው ወጣ፤ ቁልፉን መልሺ አላላትም። አዳራሹ ውስጥ ቁንጫ ሁለት ዓይነት አወዳደቅ ማስተማር ጀመረች። አንደኛው የምንጣፍ ጥፊ ነው። ሁለተኛውን አስተባባሪው ያስተማራት፣ ለድንጋይ የሚሆነው። ወንድሜ ጥግ ላይ ወንበር አስቀምጦ እየተቀመጠ ያርማታል። «አገጭሽ!» ይላል። «ዳሌሽ ቀደመ!» ይላል። ተማሪዎቹ ሁለተኛው ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት፣ «ከልምድ ነው» ብሎ እጁን ያሻል።

ፊልሙ ከስምንት ወር በኋላ ሲኒማ ቤት ገባ። ሦስታችንም ሄድን። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሮ «ወንድም፣ እባክህ!» አለው፤ ወንድሜ ግን ክፉዎቹ ወረፋ መያዛቸውን ሳይናገር ማለፍ አልቻለም። ቁንጫ ቀይ ኮት ለብሳ ከደረጃው ስትወርድ ዝም አለ። አራት ሴኮንድ። ከዚያ ጀግናው መስኮት ጥሶ ወጥቶ አንድ ጭረት ሳይነካው ፀጉሩን ሲያስተካክል፣ ወንድሜ ተመለሰ፦ «እውነተኛ መስታወት ነው ወይስ ከስኳር የተሠራ?»

ስንወጣ ቁንጫ መሀላችን ገብታ ክንዳችንን ያዘች። «እሺ?» አለችው።

«እሺ ምን?»

«አየኸኝ።»

አሰበ። ረጅም አሰበ፤ የምትፈልገውን ቃል ሊላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ያደረጉልሽ ፀጉር ከተዋናይዋ ጋር አይመሳሰልም» አለ። «ከኋላ ያስታውቃል።»

ክንዱን ለቀቀችው። የኔንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። እሱም አላነሳም። ልቡ ነው የቆመው፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሊጀምር ባልዲውን እያጠበ። በተቀመጠበት አልሞተም፤ ወደቀ። ሲስተር ነግራኛለች፦ በጎኑ ነው የወደቀው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ስቦ፣ እጁን ሰብስቦ። ይህን የምጽፈው አራተኛው ስህተት እንዲታረም ነው።

በአርባኛው ቀን ገደማ ዕቃውን ስንለይ፣ ቁንጫ የጁዶ ልብሱን እያጠፈች፣ «አንድ ቀን እንኳ ሥራ ነው አላለኝም» አለች። አላለቀሰችም፤ ተናዳ ነው። «ስለ ሰው ሁሉ ፊልም አስተያየት አለው፤ ስለኔ ሲሆን ፀጉር!»

እኔ ደብተሮቹን በቀን እየደረደርኩ ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። የወንድሜ ጽሕፈት ጥብቅና ቀጥ ያለ ነው፤ በአሥረኛው ደብተር መሀል ላይ ግን ሁለት መስመር ተጋድሞ የተጻፈ አገኘሁ። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ከመስመሩ የወጡ። ቀን አልተጻፈበትም፤ አያስፈልገውም። ወንድሜ በዕድሜው በግራ እጁ የጻፈው ጄሶ ባሰረበት በዚያ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ለቁንጫ አቀበልኳት፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

ፊልም፦ የቁንጫ። ደቂቃ፦ እሑድ ረፋድ፣ አሮጌው ደረጃ። ውሸት፦ የለም። የሚሰበረው አጥንት፦ የለም።

ፊልም፦ ያው። ደቂቃ፦ ወዲያው ቀጥሎ። ውሸት፦ የምንጣፍ ጥፊ ሲሚንቶ ላይም ያድናል። የሚሰበረው አጥንት፦ የቀኝ ክንድ፣ ከአንጓው በላይ። የኔ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ መደርደሪያው ላይ፣ ከራት ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጧል። አሥራ አንዱንም ደብተር ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኳቸው። ውሸት በሚለው ሥር «የለም» የተጻፈው እዚያ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ቁንጫ መስመሩን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ባዶው ሶፋ ዞረች።

«ኧረ አባ!» አለች። «አፍ አልነበረህም?»